«የአያቴ ሽጉጥ የጣልያን ነው?» ከቦምቤ የመጣ ጥያቄ

ሰሞኑን ከቦምቤ አንድ ወጣት በኢንቦክስ ፃፈልን። ሁለት ፎቶ አያይዟል። ከፎቶዎቹ ስር እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ናችሁ። አያቴ ካረፉ በኋላ ሳጥናቸው ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተገኘ ነው። ቤተሰቡ ከጣልያን የተማረከ ነው ይላል። አጎቴ ደግሞ የኮሪያ ዘመቻ ኮልት ነው ይላል። እባካችሁ ምን እንደሆነ ንገሩን።»

የመጀመሪያውን ፎቶ ዙም አድርገን ስናየው ደነገጥን። ሽጉጡ መዳፉ ላይ ነው። ጣቱ ምላጩ ላይ አርፏል። ከፎቶው ጥግ ደግሞ የትንሽ ልጅ ባዶ እግር ይታያል።

ስለዚህ የመጀመሪያ መልሳችን የሽጉጡ ስም አልነበረም። «አሁኑኑ አስቀምጠው፣ ልጁን ከክፍሉ አስወጣው፣ ከዚያ እናወራለን» አልነው።

ይህን ፅሁፍ የምናወጣው በፈቃዱ ነው። ስሙንም ፎቶውንም አንለጥፍም። ለሁላችሁም እንዲሆን ያደረግነው ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቅድመ አያቱ አርበኛ፣ አያቱ ወታደር፣ አባቱ ዘማች የነበረበት ቤት አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። የተቆለፈ ሳጥንም ብዙ ነው።

ከስሙ በፊት ደህንነት

«አሮጌ ነው፣ ዝጓል፣ አይሰራም» የሚለው ሃሳብ ሰው ይገድላል። ሃምሳ ዓመት የተቀመጠ ጥይት ላይተኩስ ይችላል፤ ሊተኩስም ይችላል። የትኛው እንደሆነ ከውጪ አይታወቅም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። አንድ ጥይት አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ» እያሉ ወንድም የሚገድሉት በዚህች አንዲት ጥይት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ነገር ቤታችሁ ካገኛችሁ፦

1. ካላነሳችሁት አታንሱት። ካነሳችሁት አፈሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር፣ ምላጩ ሳይነካ አስቀምጡት።
2. ልጆችን አስወጡ፣ ክፍሉን ቆልፉ።
3. ለማቀባበል፣ ለመፍታት፣ ጥይቱን ለማውጣት አትሞክሩ። የዩቲዩብ ቪዲዮ አይተን እንፈታዋለን አትበሉ።
4. አትወልውሉት። በአሸዋም፣ በናፍጣም፣ በሽቦ ብሩሽም አትፈግፍጉት። አደጋ ከመሆኑ በላይ ማንነቱን የሚናገሩት ፅሁፎች የሚጠፉት እንዲህ ሲፈገፈግ ነው።
5. ጥይት ለብቻው ካገኛችሁ እሳት ውስጥ አትጣሉ፣ አትቀጥቅጡ።

የቦምቤው ልጅ እናት «ጓሮ እንሰት ስር እንቅበረውና ይረሳ» ብለው ነበር። የእናት ጭንቀት ይገባናል። ግን የተቀበረ ነገር ይቆፈራል። ዛሬ የቀበሩት ሰዎች ያውቁታል፤ ከአስር ዓመት በኋላ እንሰት ሊነቅል የሚወጣው ልጅ ግን አያውቅም።

ሽጉጦቹ በየት ገቡ?

አሁን ወደ ስሙ እንሂድ። ድሮ አባቶቻችን መሣሪያን በመጣበት አገር ወይም በሰሪው ስም ይጠሩ ነበር። «ቤልጅግ» ከቤልጅየም ነው። «ውጅግራ» የምንለው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት ጠመንጃ የመጣ ነው። ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል ማለት ነው። ችግሩ የቤተሰብ ስም ሁልጊዜ ልክ አለመሆኑ ነው። ጥቁር ሽጉጥ ያየ ሁሉ «ኮልት» ሊል ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ ቤቶች የጦርነት ሽጉጥ የገባባቸው ሦስት ትልልቅ በሮች አሉ።

አንደኛው የጣልያን በር ነው። ጣልያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረረን፤ በ1933 ዓ.ም. ተሸነፈ። ወላይታ ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለችም። ሶዶ የነበረው የጣልያን ጦር በግንቦት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ ጄኔራሎች ጭምር ተማርከዋል። ስለዚህ የወላይታ ቤተሰብ «ከጣልያን የተገኘ ነው» ሲል ነገሩ የማይሆን አይደለም።

የዚያ ዘመን ታዋቂ የጣልያን ሽጉጥ ቤሬታ 1934 ነው። ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ከላይ ሲታይ ተንሸራታቹ ክፍል ክፍት ስለሆነ አፈሙዙ ራቁቱን ይታያል። ካዝናው ሰባት ጥይት ይይዛል፤ ከካዝናው ስር ብዙ ጊዜ የትንሿ ጣት ማሳረፊያ የሆነች ጠማማ ብረት ትወጣለች። ጎኑ ላይ የቤሬታ ስምና ፋብሪካው ያለበት የጋርዶኔ ከተማ ስም ተፅፏል። በላቲን «አር» እና «ኢ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ካሉበት የንጉሣዊው ጣልያን ምድር ጦር ነው። «ፒ» እና «ኤስ» ከሆኑ የፖሊስ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ቦዴዮ የሚባለው ባለ ስድስት ጥይት ሪቮልቨር ነው። ጥይቱ የሚቀመጥበት ክብ ነገር ይሽከረከራል። ለተራ ወታደር የተሰራው ዓይነት ምላጩ ወደ ፊት የሚታጠፍ፣ የምላጭ መከለያ የሌለው ነው። ይህ ምልክት ለመለየት ይረዳል።

ሁለተኛው የአሜሪካ በር ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ገባ፤ እስከ 1945 ዓ.ም. ሦስት ሻለቃዎች በየተራ ተዋጉ። የታጠቁት የአሜሪካ መሣሪያ ነበር። ትልቁ ኮልት፣ ማለትም ሞዴል 1911 የሚባለው፣ የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ ነው። ከባድ ነው፤ ባዶውን ከአንድ ኪሎ ይበልጣል። ሰባት ወፍራም ጥይት ይይዛል፤ የጥይቱ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ለጦሩ የተሰራው ጎኑ ላይ «የዩናይትድ ስቴትስ ንብረት» የሚል የእንግሊዝኛ ፅሁፍ አለው።

ግን ልብ በሉ! ኮልት ተገኘ ማለት የኮሪያ ዘማች ተገኘ ማለት አይደለም። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1945 ዓ.ም. የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ፈርመው ነበር። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት በላይ የአሜሪካ መሣሪያ ለንጉሡ ጦር ሲመጣ ኖሯል። ኮሪያን በካርታ እንኳ ያላየ ወታደር ኮልት ታጥቆ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የሶቪየት በር ነው። ደርግ ከአሜሪካ ጋር ተጣልቶ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲወዳጅ፣ በተለይ ከ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ጀምሮ፣ የሶቪየት መሣሪያ በገፍ ገባ። ሁለት ሽጉጦች በብዛት ይታወቃሉ። አንዱ ቶካሬቭ ነው፦ ጠፍጣፋ፣ ረዘም ያለ፣ ስምንት ጥይት የሚይዝ። ሌላው ማካሮቭ ነው፦ አጠር ያለ፣ እሱም ስምንት ጥይት የሚይዝ፣ በግራ ጎኑ ከላይ የመቆለፊያ ምላስ ያለው።

ስለ ቶካሬቭ አንድ አደገኛ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የመጀመሪያው የሶቪየት ቶካሬቭ እንደ ማካሮቭ በጣት የሚዘጋ የመቆለፊያ ምላስ የለውም። ጥይት ጎርሶ ከተቀመጠ በምላጩና በእናንተ መካከል ያለው ነገር ትንሽ ነው።

ዓመቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የጦር ሽጉጥ ላይ ብዙ ጊዜ የተሰራበት ዓመት ተቀርጿል። ያ ዓመት ግን የእኛ አይደለም፤ የፈረንጅ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ቤሬታ ላይ 1937 የሚል ቁጥር አለ እንበል። ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ካነበባችሁት «ጣልያን በ1933 ወጥቶ የለ እንዴ? ታዲያ ይሄ እንዴት የጣልያን ይሆናል?» ትላላችሁ። 1937 በፈረንጅ ግን በእኛ 1929 እና 1930 ዓ.ም. ነው። ልክ ጣልያን አገራችን ውስጥ የነበረበት ጊዜ!

ቤሬታው ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማውያን ቁጥርም አለ። ይህ የፋሺስቶች የራሳቸው አቆጣጠር ነው። ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 የፈረንጅ ዘመን ጀምረው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጥረዋል። «ኤክስ» አስር ነው፣ «ቪ» አምስት ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲፃፉ አስራ አምስት። አስራ አምስት ላይ 1922 ስትደምሩ 1937 ይመጣል። ስሌቱ ከገጠመ ንባባችሁ ልክ ነው።

ይህ ስሌት የቤተሰብን ወሬ ለማጣራትም ይጠቅማል። እዚህ አገር የመጨረሻው የጣልያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1941 መጨረሻ። ሽጉጡ ላይ ያለው የፈረንጅ ዓመት ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ምንም ቢሆን እዚህ በወረራው ጊዜ ከጣልያን ወታደር እጅ የተማረከ ሊሆን አይችልም። በሌላ ጊዜ፣ በሌላ መንገድ መጥቷል ማለት ነው።

የቦምቤው ሽጉጥስ?

ልጁ የላከልን ሁለተኛው ፎቶ ጎኑን በደንብ ያሳያል። ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ነው። እጀታው ላይ መሃል ኮከብ አለ፤ በኮከቡ ዙሪያ አራት ፊደላት። በእንግሊዝኛ ካነበባችሁት «ሲ ሲ ሲ ፒ» ይመስላል፤ በሩሲያኛ ግን «ኤስ ኤስ ኤስ ኤር» ተብሎ ይነበባል፤ የሶቪየት ኅብረት ምህፃረ ቃል ነው። የመቆለፊያ ምላስ አይታይም። ከቁጥሮቹ ጎን 1949 ይላል።

ስለዚህ የጣልያን አይደለም። ኮልትም አይደለም። ምልክቶቹ ሁሉ ወደ ቶካሬቭ ይጠቁማሉ። እንደ ቻይና ያሉ አገሮችም የቶካሬቭን ቅጂ ሰርተዋል፤ በኮከቡ ላይ ያሉት ፊደላትና ዓመቱ ግን ይህኛው ከሶቪየት ፋብሪካ መውጣቱን ይናገራሉ። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው በእጁ ይዞ የሚያየው ባለሙያ ነው።

1949 በእኛ 1941 እና 1942 ዓ.ም. ነው። ልጁን «አያትህ ሲያርፉ ስንት ዓመታቸው ነበር?» ብለን ጠየቅነው። «ሰባ አምስት አካባቢ» አለን። አሰብነው። አያትየው የተወለዱት ጣልያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። ሽጉጡና አያትየው እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል።

ታዲያ «ከጣልያን ተማረከ» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ልጁ ይህን አጎቱን ሲጠይቅ ሌላ ታሪክ ወጣ። በጣልያን ጊዜ የነበሩት ቅድመ አያቱ ናቸው። አያቱ ደግሞ የደርግ ወታደር ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን እንደ ብዙዎቹ ረጅም መንገድ በእግር ተጉዘው ቤት ገብተዋል። ስለዚያ ጦርነት ግን ቤት ውስጥ አውርተው አያውቁም። ልጆች ስለ ሳጥኑ ሲጠይቁ ወሬው ወደ ቅድመ አያት ጀግንነት ይሄዳል። በጊዜ ብዛት ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆኑ።

ልጁ ይህን ሲነግረን ቅር ያለው ይመስል ነበር። «ታዲያ ውሸት ነበር ማለት ነው?» አለን።

ውሸት አንለውም። የወረራን ጠላት መማረክ በኩራት የሚወራ ታሪክ ነው። በራስህ አገር ልጅ ላይ ተዋግተህ፣ ጓደኞችህን ቀብረህ፣ ተሸንፈህ፣ ተርበህ ቤት መግባት ግን ለማን ይወራል? ብዙ አያቶች ዝም ያሉት ለዚህ ይመስለናል። ሽጉጡ የጣልያን አለመሆኑ የአያቱን ታሪክ አላሳነሰውም። እንዲያውም ማንም ያልጠየቃቸውን ታሪክ አወጣው።

ብረቱ የማይናገረው

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንለያይ። ሽጉጥ የት እንደተሰራ፣ መቼ እንደተሰራ፣ አንዳንዴም የየትኛው ጦር ንብረት እንደነበር ይናገራል። ማን እንደያዘው፣ ማን እንደማረከው፣ ማን እንደሸጠው ግን አይናገርም።

ለየት ያለ ምሳሌ ካስፈለገ የአፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ አስቡ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሰዉበት ሽጉጥ ላይ የብር ሳህን ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሉ ለፕላውደን ስላደረጉለት ደግነት ለንጉሡ የሰጠችው ስጦታ መሆኑ ተቀርጾበታል። ሰጪውም ተቀባዩም ብረቱ ላይ አሉ። የእኛ አያቶች ሽጉጥ ላይ ግን የብር ሳህን የለም። የእነሱን ታሪክ የሚይዙት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ከብረቱ ይልቅ ሳጥኑን ፈትሹ። የድሮ መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተር፣ የሜዳሊያ ወረቀት፣ የደንብ ልብስ የለበሱበት ፎቶ፣ ከግንባር የተላከ ደብዳቤ። ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጡ፤ ቀንና የቦታ ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ይፃፋል። አብሯቸው የዘመተ ጎረቤት በሕይወት ካለ ዛሬ ሂዱ፤ ስልካችሁን ከፍታችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ድምፃቸውን ቅረፁ። ሽጉጡ ሃምሳ ዓመት ጠብቋል። አዛውንቱ ግን ላይጠብቁ ይችላሉ።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ መግዛትና ማዘዋወር ወንጀል ነው። «አሮጌ ነው» ወይም «ውርስ ነው» ማለት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

ስለዚህ፦

👉 ሽጉጡን ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አትሂዱ። በመንገድ ላይ ብትያዙ «ላስረክብ ነበር» ማለት ያስቸግራል፤ ባጃጅ ውስጥ ቢተኩስም የባሰ ነው። መጀመሪያ በስልክ ወይም በአካል ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ ለወረዳው ፖሊስ አሳውቁ። እነሱ መጥተው ይረከቡ።

👉 ብቻችሁን አትሂዱ። የቤተሰብ ታላቅ ወይም የሚከበር የአካባቢ ሽማግሌ ይኑር። የሕግ ባለሙያ ማማከር ከቻላችሁ ቀድማችሁ አማክሩ።

👉 መቼ፣ የት፣ በማን ሳጥን እንደተገኘ ፃፉ። ስታስረክቡ ስምና ቀን ያለበት የተፈረመ ወረቀት ጠይቁ።

👉 የጣልያን ዘመን ወይም ከዚያ የቆየ ከሆነ ይህንኑ ለፖሊስም ለባህልና ቱሪዝም ቢሮም ንገሩ። ታሪካዊ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑ ከመጥፋቱ በፊት ይመዝገብ።

👉 ፎቶውን ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። የመለያ ቁጥሩን ለማንም አታሳዩ። «ቤታችን መሣሪያ አለ» ብሎ ለሌባም ለደላላም ማስታወቂያ መለጠፍ ነው።

ደላላ ስንል፣ የቦምቤው ልጅ ለእኛ ከመፃፉ በፊት ፎቶውን ለአንድ ጓደኛው ልኮ ነበር። በሁለተኛው ቀን የማያውቀው ሰው ደውሎ «በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ» አለው። ሥራ ለሌለው ወጣት ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። አልሸጠም። «ነገ ሰው ቢገደልበት የአያቴ ሽጉጥ ይባላል» አለን። ከዚህ የተሻለ ምክንያት እኛም አናውቅም።

በመጨረሻ

ከአራት ቀን በኋላ መልዕክት ገባልን። አጎቱ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሄደው ለፖሊስ አሳውቀዋል። መጥተው ተረክበዋል፤ ወረቀትም ተፈርሟል። እናቱ ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኝተዋል።

ከመልዕክቱ ጋር አንድ ፎቶ ነበር፤ ይህኛው የሽጉጥ አይደለም። ከሳጥኑ ስር የተገኘ፣ ጥጉ የተቀደደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። የደንብ ልብስ የለበሰ ቀጭን ወጣት ቆሟል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ቀንና የአንድ ጓደኛ ስም ተፅፏል።

«ጓደኛውን ልንፈልገው ነው» ይላል ልጁ። «ስሙ ተፅፏል፣ አረካ አካባቢ ነው ይላሉ።»

ቤታችሁ የተቆለፈ ሳጥን ካለ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ይህን ፅሁፍ ለታላላቆቻችሁ አንብቡላቸው። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።